የመጀመሪያው ጭጋግ እንዴት ተገፈፈ?

በዛሬው የሳይንስ ዓምዳችን በጋላክሲዎች መካከል ስላለው ጋዝ እናወራለን። ይህ ጋዝ ዛሬ ብርሃንን በቀላሉ ያሳልፋል። ሁልጊዜ ግን እንዲህ አልነበረም።

ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት በፊት ዩኒቨርስ ሲጀምር እጅግ ሞቃት ነበር። 380,000 ዓመት ገደማ ሲሆነው ቀዘቀዘና ኤሌክትሮኖችና ፕሮቶኖች ተጣምረው ገለልተኛ የሃይድሮጅን አተም ሆኑ። በኋላ የመጀመሪያዎቹ ከዋክብት ሲበሩ ይህ ጋዝ አልትራቫዮሌት ብርሃናቸውን እንደ ጭጋግ ዋጠው።

ብርሃኑ ግን በከንቱ አልቀረም። ቢያንስ 13.6 ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያለው የብርሃን ቅንጣት ሃይድሮጅንን ሲመታ ኤሌክትሮኑን ከፕሮቶኑ ይነጥላል፤ አተሙ አዮን ይሆናል። አዮን የሆነ ሃይድሮጅን ደግሞ ይህን ብርሃን ስለማይውጥ ተከታዩ ብርሃን አልፎ ይሄዳል። በየጋላክሲው ዙሪያ እንዲህ የጠራ አረፋ ተፈጠረ። ኤሌክትሮንና ፕሮቶን ተመልሰው ሊጣመሩ ስለሚችሉ አረፋው እንዲሰፋ ብርሃኑ መቋረጥ የለበትም። ጎረቤታሞቹ አረፋዎች እየተገናኙ አንድ ሆኑ፤ ዩኒቨርስ 1 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ሲሞላው ጋዙ ከሞላ ጎደል ሁሉ አዮን ሆነ።

ይህን በምን እናውቃለን? በ1965 ጄምስ ገንና ብሩስ ፒተርሰን አንድ ስሌት አቀረቡ፦ የሩቅ ኳሳር ብርሃን በገለልተኛ ሃይድሮጅን ውስጥ ካለፈ የተወሰነ ክፍሉ ጠፍቶ መታየት አለበት። በ2001 ያ የጠፋ ክፍል ታየ። በ2025 ደግሞ በጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ያልጠበቁትን አዩ፤ ከታላቁ ፍንዳታ 330 ሚሊዮን ዓመት ብቻ በኋላ ከነበረች ጋላክሲ፣ በጭጋጉ ተውጦ መቅረት የነበረበት የሃይድሮጅን ብርሃን ደረሳቸው። በዙሪያዋ ያን ያህል ቀደም ብሎ አረፋ ተፈጥሮ ነበር ማለት ነው።

ክርክሩ አሁን እዚህ ላይ ነው፦ ጭጋጉን የገፈፉት ብዙ ትናንሽ ጋላክሲዎች ናቸው ወይስ ጥቂት ትላልቆች? መልሱ በአረፋዎቹ መጠን ላይ ተጽፏል። ትናንሾቹ ከሆኑ አረፋዎቹ ብዙና ጠባብ፣ ትላልቆቹ ከሆኑ ጥቂትና ሰፋፊ ይሆናሉ። በደቡብ አፍሪካ ካሩ በረሃ የተተከለው ሄራ የተባለው የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ከገለልተኛ ሃይድሮጅን የሚወጣውን ደካማ የሬዲዮ ሞገድ የሚያድነው ለዚህ ነው፤ ሞገዱ የሌለበት ቦታ አረፋው ያለበት ነውና። ፊዚክስና ምህንድስና የምታጠኑ እህትና ወንድሞቻችን፣ ፍለጋው በአህጉራችን ምድር ላይ እየተካሄደ መሆኑን ልብ በሉልን።