አንቲባዮቲክ የማያድነው ሳይነስ

አፍንጫው ለወራት ታፍኖ፣ ሽታ መለየት ተስኖት፣ አንቲባዮቲክ ደጋግሞ ወስዶ ለውጥ ያላየ ወጣት ሕመሙ ከባክቴሪያ ላይሆን ይችላል። ሊታሰቡ ከሚገባቸው ሕመሞች አንዱ የፈንገስ አለርጂ ሳይነስ ነው።

የፈንገስ ብናኝ በየቀኑ እንተነፍሳለን፤ አብዛኞቻችን ላይ ጉዳት ሳያደርስ ይወገዳል። አለርጂ ያለበት ሰው ሰውነት ግን ሳይነስ በተባለው በአፍንጫ ዙሪያ ባለ የአጥንት ክፍተት ውስጥ በቀረው ፈንገስ ላይ ይቆጣል። ኢዮሲኖፊል የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች ይጎርፋሉ፣ የውስጡ ሽፋን ያብጣል፣ ፖሊፕ የተባለ ለስላሳ እባጭ ይበቅላል። ፈንገሱ ሥጋ ሰርስሮ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2021 በሕንድ ኮቪድ የያዛቸውን ብዙዎች ያጠቃው ሙኮርማይኮሲስ የተባለው የፈንገስ ሕመም ግን ሥጋና የደም ሥር ይወራል፤ የሚበረታውም የሰውነት መከላከያቸው በተዳከመ ሰዎች ላይ ነው። የፈንገስ አለርጂ ሳይነስ በአንጻሩ ጤነኛ መከላከያ ያላቸውን ወጣቶች ይይዛል፤ እንደ ሱዳን፣ ሕንድና የአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ባሉ ሞቃት አካባቢዎችም ይበዛል።

ሐኪሞች፣ ቤንት እና ኩን የተባሉ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጧቸውን አምስት መመዘኛዎች እስካሁን ይጠቀማሉ፦ በቆዳ ወይም በደም ምርመራ የተረጋገጠ የፈንገስ አለርጂ፣ ፖሊፕ፣ የተለየ የሲቲ ስካን ምስል፣ ኢዮሲኖፊል የሞላበት ንፍጥ፣ በንፍጡ ውስጥ በማይክሮስኮፕ የታየ ፈንገስ። ንፍጡ እንደ ለውዝ ቅቤ ወፍራምና የሚያጣብቅ ነው፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከሞቱ ኢዮሲኖፊሎች የተፈጠሩ ሹል ክሪስታሎች ይገኙበታል። በሲቲ ስካን ነጣ ብሎ የሚታየው ይኸው ንፍጥ በአንዳንድ የኤምአርአይ ምስሎች ላይ ስለሚጠቁር ባዶ አየር ሊመስል ይችላል።

ሕክምናው የሚጀምረው በኢንዶስኮፒ ቀዶ ሕክምና ነው፦ ፖሊፑና ንፍጡ ይወጣል፣ የሳይነሱ በር ይሰፋል። ከዚያ ቁጣውን ማብረድ ይከተላል። በሐኪም ትእዛዝ ለአጭር ጊዜ የሚዋጥ ስቴሮይድ፣ ለረጅም ጊዜ ደግሞ የአፍንጫ ስቴሮይድ ይሰጣል፤ አፍንጫም ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በተዘጋጀ የጨው ውሃ ይታጠባል። የፈንገስ መድኃኒት ለሁሉም ታማሚ የሚጠቅም ስለመሆኑ በቂ ማስረጃ የለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 ለአፍንጫ ፖሊፕ የተፈቀደው ዱፒሉማብ የተባለ መርፌም ለአንዳንዶች አማራጭ ነው።

ሕመሙ ብዙ ጊዜ ያገረሻል። የተጠራቀመው ንፍጥ አጥንት እየገፋና እያሳሳ ዓይንን ሊያፈጥጥ ስለሚችል፣ ዓይን ካፈጠጠ ወይም እይታ ከደበዘዘ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ቀለል ቢልም የአንገት በላይ ሐኪም ክትትልን አያቋርጡ፤ ሲያገረሽ በጊዜ ከተደረሰበት ዳግም ቀዶ ሕክምናን ማስቀረት ሊቻል ይችላል።