ከሥራ ቦታ ወደ መኖሪያ ቤት ስለሚገባ መርዝ

በአዲስ አበባ ጎተራ የተባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእህል ጎተራ ነው። ነቀዝ ወደ ጎተራ የሚገባው ከእህሉ ጋራ ተሸሽጎ እንደ ሆነ ባላገር ሁሉ ያውቃል፤ የእርሳስ ትቢያም እንዲሁ ነው። የመኪና ባትሪ እየፈታ እርሳስ የሚያቀልጥ ሠራተኛ፥ ትቢያው በልብሱ፥ በጠጕሩና በጫማው ይጣበቅበትና አብሮት ወደ ቤቱ ይገባል። ሕፃን ሲድኽ እጁን ወደ አፉ ያገባልና፥ ሰውነቱም ከዋጠው እርሳስ ከዐዋቂ ሰው ከ4 እስከ 5 እጥፍ ስለሚቀበል፥ ጕዳቱ ይከፋበታል፤ የአእምሮው ዕድገት ይጓደላል፥ ትምህርትም ይከብደዋል፤ መምህሩም ስንፍና ይመስለዋል። ለመኪና ቤንዚን ይጨመር የነበረው እርሳስ በ2021 እ.ኤ.አ. ከዓለም ሁሉ ቢወገድም፥ የባትሪው ግን ዛሬም አለ።

ስለዚህ ሠራተኛው ልብሱንና ጫማውን በሥራው ቦታ ይለውጥ፤ ገላውንም በሳሙና ከታጠበ በኋላ ልጁን ይቀፍ። የሥራው ልብስ ሳይራገፍ ለብቻው ይታጠብ፤ ቤቱም በደረቅ መጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል። በገጠርም የተባይ መድኃኒት የሚረጭ ገበሬ ይህንኑ ያድርግ፤ የመድኃኒቱንም ዕቃ ለውሃ መቅጃ አያድርገው። መምህራንና ሽማግሌዎች ይህን ለወላጆች ቢያስረዱ፥ እንጀራ ፍለጋ የወጣ አባት መርዝ ይዞ እንዳይመለስ ይረዳሉ።