ልጅዎ ፖሊስ ጣቢያ የገባ ዕለት

እስቲ አንድ ነገር በዐይነ ኅሊናዎ ይመልከቱ። የሚኖሩት በሮቤ ነው እንበል። የአርሲዋን ሮቤ ማለታችን ነው እንጂ የባሌዋን አይደለም፤ ሁለቱ ሞክሼዎች በመሆናቸው ብዙ ሰው ያደናግራሉ። ዕለቱ የገበያ ቀን ነው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅዎ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ የሰው በግ ነድቶ ሊሸጥ ሲል ተያዘ። ጎረቤት እየሮጠ መጥቶ «እትዬ፣ ልጅዎን ፖሊስ ወሰደው» አለዎት። ምን ያደርጋሉ?

አንዳንዷ እናት እያለቀሰች ምሳ ቋጥራ ትሄዳለች። አንዳንዷ ሽማግሌ ይዛ ወደ በጉ ባለቤት ቤት ትሮጣለች። አንዳንዱ አባት ግን «ይታሰር፤ እስቲ ይቅመሰው» ብሎ ቤቱ ቁጭ ይላል። ወደዚህኛው አባት ኋላ እንመለስበታለን።

በሀገራችን ሕግ ልጅ እንደ ዐዋቂ አይዳኝም። ይህ ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ሆነ እሱን ተክቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በዕድሜ ረገድ ያሰመሩት መስመር አንድ ነው። ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ሕፃን በወንጀል አይጠየቅም። ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ዓመት የሆነው ወጣት ጥፋተኛ ይባላል፤ ለዐዋቂ የተደነገገው መደበኛ ቅጣት አይፈጸምበትም፤ ከዐዋቂ ወንጀለኞች ጋርም አይታሰርም። አሥራ አምስት ካለፈው በኋላ ግን በመደበኛው ሕግ ይዳኛል፤ አሥራ ስምንት እስኪሞላው ዳኛው ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል፤ ሞትም አይፈረድበትም። ስለዚህ በጣቢያው በር ላይ መጀመሪያ ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ «ሰርቋል ወይስ አልሰረቀም» ሳይሆን «ዕድሜው ስንት ነው» የሚለው ነው።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 172 የደነገገውን ማወቅ ለማንኛዋም እናት ይበጃል። ልጁን የያዘው ሁሉ፣ ፖሊስም ሆነ ዐቃቤ ሕግ ወይም ወላጅ፣ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለው የወረዳ ፍርድ ቤት እንዲያቀርበው ያዛል። ጉዳዩ ለሌላ ቀን ቢቀጠር ልጁ ለወላጁ፣ ለአሳዳጊው ወይም ለዘመዱ ይሰጣል፤ እነዚህ ከሌሉ በቀጠሮው ቀን አቀርበዋለሁ ብሎ ኃላፊነት ለሚወስድ ታማኝ ሰው ይሰጣል። ይኸውም ጎረቤትም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ነገሩ የሚሰማው በአደባባይ ሳይሆን በዳኛው ጽሕፈት ቤት ነው፤ አነጋገሩም እንደ ዐዋቂ ችሎት የተካበደ እንዳይሆን ሕጉ ይናገራል። ወላጅ ወይም አሳዳጊ ካልቀረበለትም ጠበቃ እንዲቆምለት ይላል።

እንግዲህ «ይቅመሰው» ብሎ የተቀመጠው አባት ያደረገውን ይመልከቱ። ሕጉ ልጁን የሚያስረክበው ሰው አጣ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ወጣት አጥፊዎች ከዐዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ያዛል፤ ሆኖም በአንዲት ትንሽ ጣቢያ ውስጥ ለአንድ ልጅ የተለየ ክፍል ከየት ይመጣል? በአዲስ አበባ ልደታ አካባቢ የሚገኘው የወጣት ጥፋተኞች የጠባይ ማረሚያ ለብዙ ዓመታት በሀገሪቱ ብቸኛው ነበር። ከአርሲ ደጋ ልጅ ይዞ እዚያ መድረስ ቀላል አይደለም። በጉን የነዳው ልጅ በዐዋቂ እስረኞች መካከል አንድ ሌሊት ቢያድር የሚቀምሰው ነገር አባቱ ያሰበው ተግሣጽ አይሆንም።

ተግሣጹንማ ሕጉ ራሱ ያውቀዋል። ዳኛው ልጁን ሊገሥጸው፣ በትርፍ ሰዓቱ ከቤት ወይም ከትምህርት ቤት እንዳይወጣ ሊወስንበት፣ ወላጁ ካልሆነለት በጥሩ ዘመድ ቁጥጥር ሥር እንዲያድግ ሊያደርገው ይችላል። ጠባይ ማረሚያ መላክም አለ፤ ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት ነው። ከመወሰኑም በፊት ስለ ልጁ አስተዳደግ፣ ጠባይና ትምህርት ወላጆቹንና መምህራኑን መጠየቅ ይችላል። አንድ ነገር እንጨምር፤ የ1949ኙ ሕግ ለወጣት ጥፋተኛ ይፈቅደው የነበረውን የአርጩሜ ግርፋት አዲሱ ሕግ አስቀርቶታል። አርጩሜ የማይለያቸው ቤቶች ይህን ልብ ቢሉልን ደስ ይለናል።

ይህ ሁሉ በበግ ስርቆት ላይ ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። በዚሁ በአርሲ ደጋ የደረሰው ግን ቀላል አልነበረም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996 አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጃገረድ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረሰኞች ተጠለፈች። በኦሮምኛ ቡቲ የሚባለው መሆኑ ነው። ጠላፊዋ ከደፈራት በኋላ መሣሪያ ይዛ ስታመልጥ ተከተላት፤ ተኩሳም ገደለችው። ልጅቱ በሰው ግድያ ተከሰሰች። ስሟን አናነሣም፤ በታሪኳ ላይ የተመሠረተው «ድፍረት» የተባለው ፊልም በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ በአዲስ አበባ ሊታይ ሲል ያለ ፈቃዴ ተሠራ ብላ በፍርድ ቤት ያስቆመች ናትና፣ ይህን ማክበር ይገባናል።

በጊዜው አዲስ የነበረው የኢትዮጵያ የሕግ ባለሙያ ሴቶች ማኅበር ነገሩን ሰምቶ ጠበቃ ሆነላት። ማኅበሩን ይመሩ የነበሩት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ፤ ኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት ማለት ነው። ከረጅም ክርክር በኋላ ፍርድ ቤቱ ራሷን ስትከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት። ልብ ይበሉ፤ ራስን ስለ መከላከል የሚናገረው አንቀጽ ከ1949 ዓ.ም. ጀምሮ በሕጉ መጽሐፍ ውስጥ ተኝቶ ነበር። የጎደለው አንቀጹን ገልጦ የሚያነብላት ሰው ነበር። ሽማግሌዎቹ በበኩላቸው ለሟች ወገን ካሣ እንዲከፈልና ልጅቱ ከአካባቢው እንድትርቅ ወሰኑ። ሽምግልና ደም ያደርቃል፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን እዚያ ዛፍ ሥር ሁለት ቤተ ዘመድ ሲታረቅ የተደፈረችው ልጅ ከቀዬዋ ወጣች፤ ለሷ ማን ካሣ እንደ ጠየቀ እንጃ።

በዚያን ጊዜ የነበረው ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ሕጋዊ ጋብቻ ካገባት ክሱን ይተውለት ነበር። አሁን ያለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ጠለፋን ከሦስት እስከ አሥር ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ከጠለፋው በኋላ ጋብቻ መፈጸሙም ከቅጣት አያድነውም። የአርሲ ሴቶች አንዲት ሴት ስትበደል ሲንቄያቸውን ይዘው በአንድነት መውጣትን ከአያቶቻቸው ወርሰዋል፤ ለተበደለ መቆምን እኛ አናስተምራቸውም። የምንለው በወረዳው ፍርድ ቤት በር ላይ ብቻዋን የቆመች ልጅ ካዩ እዚያም ይቁሙላት ነው።

ወደ ዕድሜ ጉዳይ እንመለስ። አሥራ አራት ወይም አሥራ ስድስት መባል በልጁ ሕይወት ላይ የሚያመጣውን ልዩነት ከላይ አይተናል። በገጠር ግን ልጅ የተወለደው «በገብስ አጨዳ» ወይም «ያ ትልቁ ዝናብ በጣለ ዓመት» ነው። ቁመቱ የረዘመ፣ ድምፁ የጎረነነ ልጅ በግምት ሁለት ዓመት ሊጨመርበት ይችላል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በሀገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በመሆኑ ከዚያ በፊት የተወለዱት ብዙዎች የልደት ወረቀት በጊዜው አላገኙም።

የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብት ኮሚቴ በ2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ አገሮች ልጅን በወንጀል መጠየቅ የሚጀምሩበትን ዕድሜ ቢያንስ አሥራ አራት እንዲያደርጉ መክሯል። የእኛ ሕግ ዘጠኝ ነው ያለው። በሮቤ ዙሪያ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ገና ጥጃ ጠባቂ ነው፤ በአስተያየታችን መስመሩ ዝቅ ብሏል።

ስለዚህ፣ እትዬ፣ ወደ ጣቢያው ሲሄዱ ምሳውን ብቻ አይቋጥሩ። የልደት ምስክር ወረቀቱ ካለ ይያዙ። ከሌለ የክርስትና ወረቀቱን፣ ከትምህርት ቤቱ መዝገብ የተገለበጠውን፣ ከሳጥኑ ግርጌ የቀረውን የክትባት ካርድ ይፈልጉ፤ ካርዱ ቢጠቋቁርም ነርሷ የጻፈችው ቀን ይነበባል። ሲወለድ የነበረችውን አዋላጅም ይዘው ይሂዱ፤ ምስክር ናት።