ዲስከስ ዓሣና ጎረቤቶቹ

ዓሣን በመስተዋት ገንዳ ውስጥ አኑሮ ጠባዩን መመልከት ለልጆች ትምህርት፤ ለአዋቂዎችም የመንፈስ ዕረፍት መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ገንዳን የሚያሳምረው የዓሣው ብዛትና የቀለሙ ዓይነት ብቻ የሚመስለው ሰው፤ ትርፉ ብዙ ጊዜ የሞተ ዓሣ መልቀም ይሆናል። ስለዚህ ዋጋውም ከፍ ያለ፤ ጥንቃቄም አብዝቶ ስለሚሻው ስለ ዲስከስ ዓሣ ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ልናስረዳ እንወዳለን።

የዲስከስ አገሩ በደቡብ አሜሪካ የአማዞን ወንዝና ገባሮቹ ናቸው። ሰውነቱ እንደ ሳሕን ክብና ጠፍጣፋ ሲሆን፤ ሲያድግ ርዝመቱ 15 ሳንቲሜትር ያህል ይደርሳል። ዮሐን ናተረር የተባለው ተመራማሪ ከብራዚል ከሰበሰባቸው ዓሦች መካከል ይህን ለይቶ በጽሑፍ ያስታወቀው የኦስትርያው ሊቅ ዮሐን ያኮብ ሄክል ነው፤ ይኸውም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1840 ዓ.ም. ነበር።

ይህ ዓሣ ሞቃት ውኃ የለመደ ስለ ሆነ፤ የገንዳው ሙቀት ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊሆን ይገባል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ከተማ ይህ ያለ ኤሌክትሪክ ማሞቂያ አይገኝም። መብራት በጠፋ ጊዜም ገንዳውን በብርድ ልብስ መጠቅለል ሙቀቱ ቶሎ እንዳይወጣ ይረዳል።

የጎረቤት ምርጫም የሚጀመረው ከዚሁ ነው። የወርቅ ዓሣ ቀዝቃዛ ውኃ ስለሚወድ ከዲስከስ ጋር አይስማማም። የአንድ አገር ልጅ የሆነው ካርዲናል ቴትራ ግን ሙቀቱን ይችላል፤ ጠባዩም ሰላማዊ ነው። ዲስከስ ቀስ ብሎ የሚበላ በመሆኑ፤ ቀልጣፋና ተሻሚ ዓሣ ቢጎራበተው ምግቡን ሁሉ ይነጥቀዋል፤ እርሱም በጠገቡት መካከል ይራባል። ብቻውንም ሲሆን ስለሚፈራ፤ አምስት ወይም ስድስት ሆኖ ከ250 ሊትር በማያንስ ገንዳ ቢኖር ይሻላል።

ከተክሎችም የሚመረጡት ሙቀቱን የሚችሉት ናቸው። ቅጠለ ሰፊው የአማዞን ሰይፍና ከምዕራብ አፍሪካ የተገኘው አኑቢያስ ለዚህ ይስማማሉ። አኑቢያስን በእንጨት ላይ ማሰር እንጂ ግንዱን በአሸዋ መቅበር አይገባም፤ ይበሰብሳልና። ተክል ለዓሣው መሸሸጊያ ይሆናል፤ ከዓሣው የሚወጣውንም አሞኒያ ይመጥጣል። ሆኖም የምግብ ትርፍራፊ በተክሉ ሥር ተሰውሮ ስለሚበሰብስ፤ በየሳምንቱ ከውኃው ሲሶውን ያህል፤ ክሎሪኑ በጠፋለትና ሙቀቱ በተስተካከለ ውኃ መለወጥ ያስፈልጋል። ለጋው ዲስከስ በቀን ብዙ ጊዜ መመገብ ስለሚሻ፤ ለማጽዳት በሚመች ባዶ ገንዳ አድጎ ኋላ ወደ ተክሉ ገንዳ ቢዛወር ይመረጣል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የልጅ አስተዳደጉ ነው። አባትና እናት እንቁላሉን በአንድነት ይጠብቃሉ። ጫጩቶቹ መዋኘት ሲጀምሩም ከሁለቱ ወላጆች ቆዳ ላይ የሚወጣውን ዝልግልግ ፈሳሽ ይመገባሉ፤ ወላጆቹም እየተፈራረቁ ልጆቻቸውን ይቀባበላሉ። በብዙ ጎረቤት መካከል ግን እንቁላሉም ጫጩቶቹም መበላታቸው አይቀርም። ስለዚህ ዘር እንዲያገኝ የሚፈልግ ሰው ጥንዶቹን ለብቻቸው ያኑር።

እንግዲህ ገንዳ የሚያዘጋጅ ቤተ ሰብ ዓሣ ከመግዛቱ አስቀድሞ፤ አብረው ከሚኖሩት ሁሉ ደካማው ማን እንደ ሆነ ይመርምር፤ ሙቀቱን፤ ምግቡንና ጎረቤቱንም በእርሱ ልክ ያሰናዳ። ይህንንም ሥራ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ቢካፈሉት ለሌላው ማሰብን ይማሩበታል።