ቢላዋ ሲመረጥ፦ ገንዘባችን ለብረቱ ወይስ ለመልኩ?

በገበያ መደብ ላይ ሁለት ቢላዋዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል እንበል። አንደኛው እንደ መስተዋት ያበራል፤ ጀርባው እንደ መጋዝ ጥርስ ወጥቶለታል፤ በእጀታው ጫፍም ትንሽ ኮምፓስ ተገጥሞበታል። ሁለተኛው ጠቆር ያለ፣ አጭርና ባለተራ እንጨት እጀታ ነው። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። በኪሱ የተመጠነ ገንዘብ ያለው ሰው የትኛውን ይግዛ? የአብዛኞቻችን እጅ የሚዘረጋው ወደሚያብረቀርቀው ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ጉዳይ ዐይን ብቻውን ታማኝ ዳኛ አይደለም፤ ጥቂት የኬሚስትሪና የፊዚክስ ዕውቀት ያስፈልጋል።

እዚህ የምንነጋገረው ስለማይታጠፈው ቢላዋ፣ ይኸውም በአፎት ስለሚያዘውና በብዙ አገሮች የአደን ቢላዋ ስለሚባለው ዓይነት ነው። ስሙ የአደን ይባል እንጂ ዋና ሥራው አውሬ መግደል አይደለም። ሥራው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሆድ መክፈት፣ ቆዳ መግፈፍና ሥጋ መበለት። በኢትዮጵያ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን በሕግ የተከለከለ ቢሆንም፣ ይኸው የመግፈፍ ሥራ በየበዓሉ በየግቢያችን በበግና በፍየል ላይ ይሠራል። መጥፎ ቢላዋ በዚህ ጊዜ ሁለት ጉዳት ያደርሳል። በመደነዙ ምክንያት በኃይል ሲገፉት ሾልኮ እጅ ይቆርጣል፤ አለዚያም ሌጦውን ይበሳል። የተበሳ ሌጦ ደግሞ ዋጋው እንደሚወርድ ቆዳ ነጋዴ ሁሉ ያውቃል።

የካርቦን ድርሻ

ንጹሕ ብረት ለስላሳ ነው። አረብ ብረት የሚሆነው ጥቂት ካርቦን ሲገባበት ነው። ለግንባታ የሚውለው ፌሮ ብዙውን ጊዜ በመቶ ከ0.2 እስከ 0.3 የሚደርስ ካርቦን ብቻ ስላለው፣ የቱንም ያህል ቢሳል ስለቱ ቶሎ ይተኛል። የመኪና ባሌስትራ ከሚሠራባቸው የአረብ ብረት ዓይነቶች አንዱ ግን በመቶ 0.6 ገደማ ካርቦን አለው። ብረት ቀጥቃጮቻችን ያረጀ ባሌስትራ ፈልገው ቢላዋ የሚሠሩበት ምክንያት ይኸው ነው።

የማይዝገው ብረትስ? እንግሊዛዊው ሃሪ ብሪርሊ በሼፊልድ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1913 ያቀለጠው ብረት በመቶ 13 ገደማ ክሮሚየም ነበረበት። ክሮሚየሙ ከአየሩ ኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ በብረቱ ላይ ስስ መከላከያ ያለብሰዋል። ይህ ግን ከዝገት ያድናል እንጂ በራሱ ስለት አይሰጥም። ማንኪያም የማይዝግ ነው፤ ቢላዋ ግን አይሆንም። ስለዚህ ማብረቅረቅ የጥሩ ስለት ምስክር ሊሆን አይችልም።

የእሳት ድርሻ

ካርቦን ብቻውን አይበቃም። ቢላዋው ወደ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ግሎ በዘይት ወይም በውኃ ውስጥ በድንገት ሲቀዘቅዝ፣ ካርቦኑ ለመውጣት ጊዜ አጥቶ በብረቱ ክሪስታል ውስጥ ይታሰራል። ብረቱ እጅግ ይጠነክራል፤ ነገር ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ ባለሙያው እንደገና ወደ 200 ዲግሪ ገደማ በዝግታ አሙቆ ተሰባሪነቱን ይቀንስለታል።

መምህራን ይህን በክፍል ውስጥ በሦስት የልብስ መርፌዎች ማሳየት ይችላሉ። የመጀመሪያውን በጉጠት ይዞ በነበልባል ላይ እስኪቀላ ማጋልና ከእሳቱ ቀስ በቀስ እያራቁ ማቀዝቀዝ ነው፤ በጉጠት ሲጫኑት ይታጠፋል። ሁለተኛውን አቅልቶ ወዲያው ውኃ ውስጥ መንከር ነው፤ ሲጫኑት ይሰበራል። ሦስተኛውን እንደ ሁለተኛው ነክሮ፣ በብርጭቆ ወረቀት ካጸዱ በኋላ ሰማያዊ ቀለም እስኪያወጣ ድረስ በዝግታ ማሞቅ ነው፤ ሲጫኑት ይለመጥና ይመለሳል። ብረቱ አንድ ነው፤ ልዩነቱ የእሳቱ አያያዝ ነው። ስባሪው ሊፈናጠር ስለሚችል የዐይን መከላከያ መነጽር ማድረግ ግድ ነው።

በገበያ ምን እንመልከት?

1. ርዝመት፦ ለመግፈፍና ለመበለት 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለት ይበቃል። ረዥም ስለት ጫፉ የት እንዳለ ስለማይታይ ቆዳ ይበሳል።

2. ውፍረት፦ ጀርባው ከ2.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን መልካም ነው። በጣም ወፍራም ቢላዋ ይፈልጣል እንጂ አይቆርጥም።

3. እጀታ፦ ብረቱ ወደ እጀታው ምን ያህል ዘልቆ እንደገባ ሻጩን መጠየቅ ነው። ሲወዘውዙት መነቃነቅ የለበትም፤ በእርጥብ እጅም ሊያንሸራትት አይገባም።

4. ስለት፦ ወደ ብርሃን አዙረው ቁልቁል ሲያዩት ቀጥ ያለ መሆን አለበት። በስለቱ ጠርዝ ላይ ብልጭ የሚል ነጥብ ካለ፣ ያ ቦታ የደነዘ ነው።

5. ጥንካሬ፦ ሻጩ ከፈቀደ ከእጀታው አጠገብ ባለው የስለት ክፍል ላይ ሞረድ በቀስታ ማስኬድ ነው። ሞረዱ ቢንሸራተት ብረቱ ጠንክሯል ማለት ነው፤ እንደ ሚስማር በቀላሉ ቢበላው ለስላሳ ነው።

ከብረት ቀጥቃጭ የሚገዛ ሰው ደግሞ ሁለት ጥያቄ ይጠይቅ፤ ከምን ብረት ተሠራ? በምንስ ተነከረ? ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ ሳያመነታ ይመልሳል።

ርካሽ ሆኖ ጥሩ መሆን እንደሚቻል በስዊድን ያለችው የሞራ ከተማ ምሳሌ ትሆናለች። በዚያ አካባቢ የሚሠሩት ቢላዋዎች ጌጥ የላቸውም፤ የብዙዎቹ እጀታ ከፕላስቲክ ወይም ከተራ እንጨት ነው። ሆኖም ወጪው በአረብ ብረቱና በእሳቱ ላይ ስለሚውል፣ ዋጋቸው መጠነኛ ሆኖ ሳለ በአናጢዎችና በአዳኞች ዘንድ የታወቁ ናቸው።

በመጨረሻም ያለንን ገንዘብ ሁሉ በቢላዋው ላይ አንጨርስ፤ ለመሳያ ድንጋይና ለአፎት ጥቂት እናስቀር። ያልተሳለ ውድ ቢላዋ ከተሳለ ርካሽ ቢላዋ ያንሳልና። ከሥራ በኋላ አጥቦ ማድረቅና ዘይት መቀባት ያስፈልጋል፤ እርጥቡን ወደ አፎት መመለስ ዝገትን መጋበዝ ነው። ተማሪዎችም የቢላዋ ቦታው የሥራ ቦታ እንጂ የደብተር ቦርሳ አለመሆኑን ይወቁ።

እንግዲህ ወደ ሁለቱ ቢላዋዎች ስንመለስ፣ ጠቆር ያለው የግድ ይበልጣል ማለታችን አይደለም። ሁለቱም በሞረድና በብርሃን ይፈተኑ። ለመጋዙ ጥርስና ለኮምፓሱ የሚከፈለው ገንዘብ ግን ከብረቱና ከእሳቱ ላይ የተቀነሰ መሆኑን ገዢው አይዘንጋ።