ጓሳን ያቆየው የመክፈቻና የመዝጊያ ሕግ

በሰሜን ሸዋ ዞን መንዝ ጌራ ምድር ወረዳ የሚገኘው ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ 200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ውርጫም ምድር ነው። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ገበሬው በጓሳ ሣር ቤቱን ይከድናል፣ ገመድ ይገምዳል፤ በድርቅ ጊዜም ከብቱን ያተርፍበታል።

በዚሁ ሣር ውስጥ የሚኖሩት አይጦች የቀይ ቀበሮ ቀለብ ናቸው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አይገኝም፤ በአገሪቱ ያሉት አዋቂዎቹም ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል። ጭላዳ ዝንጀሮም የሚኖረው ሣር እየነጨ ነው። ሣሩ ከጠፋ ገበሬውም አውሬውም አብረው ይጎዳሉ።

ይህን ሀብት ለዘመናት ያቆየው ቄሮ የተባለው አገር በቀል ሥርዓት ነው። አጀማመሩ ወደ 17ኛው ክፍለ ዘመን ይመለሳል። የአስቦና የጌራ ባለርስቶች በመረጧቸው አለቆች አማካይነት ጓሳ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋ ነበር። ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈታል፤ ሐምሌ 5 የሐዋርያት ጾም ሲፈታ ደግሞ ይዘጋል። ቀኑን የማያውቅ አልነበረም።

በ1967 ዓ.ም የገጠር መሬት አዋጅ የርስት ሥርዓት ሲቀር ቄሮም አብሮ ፈረሰ። ሁሉም እንዳሻው ማጨድና ማሰማራት ሲጀምር ሣሩ ተመናመነ። ነዋሪዎቹ ጉዳቱን አይተው ከየቀበሌው ኮሚቴ መረጡ፤ መተዳደሪያ ደንብም አወጡ። ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። ጠባቂዎቹ የአካባቢው ልጆች ናቸው፤ ጎብኚ የሚያርፍበት ማረፊያም አለው።

ስጋቱ ግን አልተወገደም። ገደብ ካልተበጀለት ማረሻ ዳርቻውን ይገፋል። ከእረኛ ጋር የሚወጣ ያልተከተበ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታን ወደ ቀይ ቀበሮ ያስተላልፋል። ውሻን ማስከተብና ሜዳው ላይ አለመልቀቅ ቀበሮውን ብቻ ሳይሆን ቤተሰብንና ከብትንም ይጠብቃል።

የወል ግጦሽና ደን ላላቸው ሌሎች ወረዳዎች ከጓሳ የሚወሰድ ትምህርት አለ። ሀብቱን የሚጠቀመው ሕዝብ ራሱ ጠባቂውን ይምረጥ፤ የመክፈቻውና የመዝጊያው ጊዜ በግልጽ ይታወቅ፤ የእርሻው ወሰን በምልክት ይለይ። የወረዳ አመራር ድርሻ ደግሞ ደንብ የጣሰ ሰው ሲከሰስ ከኮሚቴው ጎን መቆም ነው። አጥፊው በአማላጅ የሚለቀቅ ከሆነ በማግስቱ ማጭድ የማያነሳ አይኖርም።

ከጓሳ የሚመነጩ ወንዞች ወደ ዓባይም ወደ አዋሽም ይወርዳሉ። ሣሩን መጠበቅ ታች ላለው ገበሬ ውኃውን መጠበቅ ነው።