የስም እንቆቅልሽ

በኢትዮጵያ ልጆች ማታ በምድጃ ዙሪያ ተቀምጠው እንቆቅልሽ ሲጠያየቁ ኖረዋል። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ይላል፤ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይቀበላል፤ መልሱ የጠፋበት እንደ ሆነ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ አገር ሰጥቶም መልሱን ይሰማል። ጎንደርን ወይም ሐረርን የሰጠ ልጅ ምንም አይጎድልበትም፤ ነገር ግን ሁለተኛ አገር እንዳይሰጥ ልቡናውን ያነቃል።

ከዚህ ጨዋታ ጋራ የሚዛመድ ሌላ ጨዋታ በጥያቄና መልስ ውድድር ላይ ይገኛል። ጠያቂው የሦስት ወይም የአራት ስመ ጥር ሰዎችን ስም ጠርቶ «እነዚህን የሚያገናኛቸው ምንድን ነው?» ይላል። ለትምህርት ቤት ሰሌዳና ጠመኔ ይበቃዋል። ሆኖም ጨዋታው ካልታሰበበት ሁለት ጉዳት አለው፤ ይኸውም ተማሪው በማናቸውም ሰፊ ቃል እየመለሰ ያወቀ ይመስለዋል፤ ወይም መምህሩ እውነተኛውን መልስ አስቀድሞ ስላላሰበው ብቻ «ስሕተት ነው» ብሎ የልጁን ልብ ይሰብራል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ የከፋ ነው።

በየካና በእንጦጦ ግርጌ ላሉ ትምህርት ቤቶች የቀረበው ምሳሌ ከተራራው ራስ ላይ ይገኛል። መምህሩ በሰሌዳው ላይ «ዳግማዊ ዓፄ ቴዎድሮስ፣ ዓፄ ዮሐንስ አራተኛ፣ ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ» ብሎ ይጽፋል። ተማሪዎቹ ወዲያው «ነገሥታት ናቸው» ይላሉ። ይህ ቃል እውነት ነው፤ ነገር ግን ጥያቄውን አይፈታም። ዓፄ ፋሲለደስም ንጉሥ ነበሩ፤ ዓፄ ዘርዐ ያዕቆብም ንጉሥ ነበሩ። የተጠሩትን ሰብስቦ ያልተጠሩትን የማያስቀር መልስ ገና ግማሽ መልስ ነው።

ስለዚህ ጠያቂው ከስሞቹ ራቅ አድርጎ አንድ ባዕድ ስም ይጽፋል፤ ይኸውም የተጠሩትን የሚመስል፤ ነገር ግን ከእነርሱ ጋራ የማይቆጠር ስም ነው። ባዕድ ሆነው የተጻፉት ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ቢሆኑ ልጆቹ «ሦስቱ ወንዶች ናቸው» ሊሉ ይችላሉ፤ ይህም ልክ ነው፤ ጥፋቱ የጠያቂው ነው። እንግዲህ መምህሩ ከዘውዲቱ አጠገብ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ይጨምራል። አሁን «ወንዶች» የሚለው መልስ ወደቀ።

በዚህ ጊዜ ታሪክ ያነበበ አንድ ተማሪ ተነሥቶ «ሦስቱም ቀድሞ ሌላ ስም ነበራቸው» ቢል ሊመሰገን ይገባዋል። ቴዎድሮስ ካሣ ነበሩ፤ ዮሐንስም ካሣ ነበሩ፤ ምኒልክ ደግሞ ሣህለ ማርያም ነበሩ። ነገር ግን ኃይለ ሥላሴም ተፈሪ ስለ ነበሩ መልሱ ባዕዱን ስም ማስቀረት አልቻለም። ሌላው ተማሪ «ስማቸውን የለወጡት ሲነግሡ ነው» ብሎ ሊያጠበው ቢፈልግ፤ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ከመሆናቸው አስቀድሞ በሸዋ ንግሥናቸው ዘመን በዚሁ ስም ይጠሩ ነበርና አይሆንም። እንዲህ ያለው ክርክር ጊዜ የሚያባክን ይመስላል፤ ዳሩ ግን ተማሪዎቹ በአንድ ሰዓት ውስጥ የአራት ነገሥታትን ስም ከነምክንያቱ መረመሩ፤ በቃል ለማጥናት ቢታዘዙ ኖሮ ይህን ያህል አይተጉም ነበር።

መልሱ እስከዚህ ካልተገኘ መምህሩ «ዘውድ የደፉት በየት ነው?» ብሎ ፍንጭ ይሰጣል። ዓፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. በሰሜን በደረስጌ ማርያም፤ ዓፄ ዮሐንስ በ1864 ዓ.ም. በአክሱም ጽዮን ማርያም፤ ዓፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ደፉ። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የደፉት በአዲስ አበባ በቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። እንግዲህ ሦስቱን ነገሥታት የሚያገናኛቸው በማርያም ስም በተሠራ ቤተ ክርስቲያን መንገሣቸው ነው። ደረስጌና አክሱም ከእንጦጦ እጅግ የራቁ ናቸው፤ ነገር ግን በየካ ያለ ልጅ ቀና ብሎ በሚያየው ተራራ ላይ ይገናኛሉ። ይህን ጥያቄ ከመምህሩ ይልቅ በዕድሜ የገፉና ታሪክ የሚያውቁ ሽማግሌ ፈጥነው ሊፈቱት ይችላሉ፤ ስለዚህ በጨዋታው ቀን ሽማግሌዎችን ጠርቶ ከልጆቹ ጋራ ማስቀመጥ መልካም ነው።

ሽማግሌዎቹ በነገሥታቱ ቢበልጡ ልጆቹ በሯጮች ይበልጣሉ። «ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ» ተብሎ ቢጻፍ የየካ ልጅ «በእንጦጦ የሚለማመዱ ናቸው» ማለቱ አይቀርም። ሯጮች ማለዳ በባሕር ዛፉ መካከል ዳገቱን ሲወጡ እያየ አድጓልና፤ ቁመቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚያልፈው ተራራ የሁሉ ነገር መልስ ይመስለዋል። ሰው ሁሉ በደጁ ያለውን አስቀድሞ ያያል፤ ይህ አያስነቅፈውም። ነገር ግን በእንጦጦ አየር ሳንባውን ያጠነከረው ሯጭ ብዙ ስለ ሆነ መልሱ እነዚህን ሦስቱን ለይቶ አያሳይም።

ከሦስቱ ጋራ ፋጡማ ሮባ ብትጨመር፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ደግሞ ባዕድ ስም ሆኖ ቢጻፍ፤ መልሱ በቆጂ ይሆናል። አራቱ በአርሲ ከበቆጂና ከአካባቢዋ የወጡ ናቸው፤ ኃይሌ ግን ምንም እንኳ የአርሲ ልጅ ቢሆን የአሰላ አካባቢ ሰው ነው። ቦታቸው ቢለዋወጥ፤ ማለት ኃይሌ ከሦስቱ ጋራ ገብቶ ፋጡማ ባዕድ ብትሆን፤ መልሱ ፈጽሞ ይለወጣል። ደራርቱ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎናና በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ፤ ኃይሌ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታና በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ፤ ቀነኒሳ በ1996 ዓ.ም. በአቴናና በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ፤ ጥሩነሽ በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግና በ2004 ዓ.ም. በለንደን በኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ሩጫ አሸንፈዋል። አራቱም ሁለት ሁለት ጊዜ ማለት ነው። ፋጡማ ወርቅ ያገኘችው በማራቶን ስለ ሆነ ከዚህ ውጭ ትቀራለች።

መምህሩ የፋጡማን ስም ሳይጽፍ አራቱን ብቻ ጠይቆ ልጁ «የአርሲ ልጆች ናቸው» ቢለው፤ ልጁ አልተሳሳተም። መምህሩ በልቡ የያዘው መልስ የሩጫው ርቀት ስለ ሆነ ብቻ ነጥቡን ሊከለክለው አይገባም። ነጥቡን ሰጥቶ «ሌላስ ምን ያገናኛቸዋል?» ብሎ ይጠይቅ። እንዲያውም ጥያቄውን አስቀድሞ ለባልደረባው ወይም ለአንድ ሽማግሌ አቅርቦ ቢያስፈትን ከዚህ ችግር ይድናል፤ ያወጣው ሰው መልሱን ስለሚያውቅ ሌላው መንገድ አይታየውም።

የቆየ ጥያቄንም ደግሞ መመርመር ያስፈልጋል። «አበበ ቢቂላ፣ ማሞ ወልዴ፣ ገዛኸኝ አበራ» የሚለው ጥያቄ ለብዙ ዓመት «በኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፉ የኢትዮጵያ ወንዶች በሙሉ» የሚል መልስ ነበረው። አበበ በ1952 ዓ.ም. በሮማ፤ ዳግመኛም በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ፤ ማሞ በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ፤ ገዛኸኝ በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ አሸንፈዋል። ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የተሻለው ባዕድ ስም የኃይሌ ነው፤ በ2000 እና በ2001 ዓ.ም. መባቻ በበርሊን ሁለት ጊዜ የማራቶንን የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሯልና፤ በኦሊምፒክ ማራቶን ግን ወርቅ የለውም። ነገር ግን ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ታምራት ቶላ በፓሪስ አሸነፈ። ስለዚህ ጥያቄው በአሮጌ ደብተር ተጽፎ ያለ መምህር ወይ አራተኛውን ስም ይጨምራል፤ ወይም ከመልሱ ላይ «በሙሉ» የሚለውን ቃል ይሰርዛል። «ወንዶች» የሚለው ግን መሰረዝ የለበትም፤ ፋጡማ ሮባ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ፤ ቲኪ ገላና በ2004 ዓ.ም. በለንደን በሴቶች ማራቶን አሸንፈዋልና።